የሰኞዋ ወረቀት

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለቀጮ፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ወገቡ የተቆረጠ ሰው ደኅና እንዳልሆነ ለማወቅ ደብዳቤ አያስፈልግም። ይልቅ እህትህ ቤት ያለው አልጋ ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ለስላሳ ከሆነ ፍራሹን አውጥተህ ጣለውና ጣውላ ላይ ተኛ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሸከምና ሳሸክም ስለ ወገብ የተማርኩት እሱን ብቻ ነው።

ይህን የምትጽፍልኝ የፊት ክፍሌን የተከራየችው ልብስ ሰፊ ናት። ጣቶቼ ደንዝዘው ብዕር አልጨብጥ ብለውኛል፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከአፌ የወጣውን ሁሉ እንደ ወረደ እንደምታሰፍር ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች። ከሰው ጨርቅ ቀንሼ አላውቅም፣ ከሰው ቃልም አልቀንስም አለች። ግድ የለም፣ ትጻፍ።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ድርጅቱ ግን አልጣለኝም። የመጋዘኑ በር ላይ ወንበር ሰጥቶኛል። መኪና ሲመጣ ሰንሰለቱን አወርዳለሁ፣ ሲያልፍ መልሼ አነሣለሁ። ከሰንሰለት የከበደ ነገር ማንሣት ቀረ። የተሸኘሁ ለት በመስታወት የተገጠመ የምስጋና ወረቀትም ሰጥተውኛል፤ ከሟች ባለቤቴ ፎቶ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። በእኔ ቦታ ቆርቆሮን የጫኞች አለቃ አድርገውታል። ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም፣ ባዶ ጩኸት ነው። ትናንት የስኳር ጆንያ ላይ የዘይት በርሜል ሲያስደረድር አይቼ ምላሴን ዋጥኩ።

አሁን የጠየቅከኝን ልመልስ። የሰኞዋ ወረቀት ምን ነበረች አልክ። ምን ትሆናለች? የስም መቆጣጠሪያ ናት። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊው ሰሌዳ ላይ ቆንጥጦ ያመጣታል፣ መጀመሪያ እኔ እፈርማለሁ፣ ቀጥሎ እናንተ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚያዩባት ናት። ጸሐፊው ራሱ ነው የነገረኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈረምኩባትን ወረቀት እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል? በእሷ የተነሣ እንቅልፍ አትጣ።

ካሳ መጠየቅህን ሰምቻለሁ። ጠይቅ። ወገብህን ነው የምትጠይቀው፣ ምጽዋት አይደለም።

ያን ሐሙስ የብረት ሣጥኑን ስታነሣ ከወገብህ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ይመስላል። ስለዚያ ቀን ግን አንተ በደብዳቤህ ምንም አላልክም። እኔም ምንም አልልም።

ስትነሣ በጎንህ ተነሣ።

አለቃህ

ኅዳር 2 ቀን

ለተከበሩ አለቃዬ፣

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ብነሣዎ ደስ ባለኝ፤ እሱን ግን ሐኪሙ ከልክሎኛል። ይህን የምጽፈው በሆዴ ተኝቼ፣ ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ ልብስ ሰፊዋ ይቅር ትበለኝ። ፍራሹን አውጥተን ጣውላ አድርገናል። እህቴ፣ ይህ አለቃህ እዚህ ድረስ መጥቶ ያዝዛል እንዴ ብላ ሳቀች። ከሳቀች ከርማ ነበር።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የእኔ አይመስለኝም። ዲስኩ ተንሸራቶ ጅማቱን ተጭኖታል አሉ። እስከ መጋቢት ቀዶ ጥገና ካልተደረገልኝ እግሩ እንደደነዘዘ ይቀራል። ቀዶ ጥገናው ደግሞ ከካሳው ውጪ በምንም መንገድ አይገኝም። እህቴ ልትሸጠው የምትችለው አንድ ቁም ሣጥን ነው ያላት፤ እሱንም ማንም አይፈልገው።

አለቃ፣ ቀጥሎ ያለውን ላለመጻፍ ሁለት ቀን ብዕሩን አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ድርጅቱ ለሥራ ክርክር ቦርዱ መልስ ሰጥቷል። ሠራተኛው የተጎዳው በገዛ ጥፋቱ ነው፣ የአነሣስ ደንቡን በየሳምንቱ ተምሮ ፈርሟል ይላል። ማስረጃ ብለው የሰኞዋን ወረቀት ግልባጭ አያይዘዋል፤ ሙሉዋን። እኛ የምናየው ከመካከሏ በታች ያለውን የፊርማ መስመር ብቻ ነበር። የላዩን ሁልጊዜ ሌላ ወረቀት ይሸፍነው ነበር። የተሸፈነው እንዲህ ይላል፦

«ሸክም እንዴት እንደሚነሣ በዛሬው ዕለት ተምሬአለሁ። የወገብ መታጠቂያ ተቀብያለሁ። ከሃምሳ ኪሎ በላይ የሆነውን ከሁለት ሰው በታች ላለማንሣት ግዴታ ገብቻለሁ።»

እኔ እዚያ መጋዘን ያየሁት መታጠቂያ ሱሪዬ የታሰረበትን ገመድ ብቻ ነው። ከጽሑፉ ሥር «አስተማሪ» የሚል አለ፤ እዚያ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ከዚያ እኛ በተርታ።

እየወቀስኩዎ አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፣ የሸፈንከውን ግለጠው ማለት ይገባኝ ነበር። ግን አለቃ ፈርመዋል፣ አለቃ የፈረሙትን እኔ ምን ብዬ እመረምራለሁ አልኩ። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን።

የማኅበራችን ጠበቃ ይህን ወረቀት ሊያፈርስ የሚችለው የመጀመሪያው ፈራሚ ብቻ ነው ትላለች። ቦርዱ የሚሰማን ጥር 15 ነው። ትምህርት የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ወረቀቷም ተሸፍና ትቀርብ እንደነበር ይመስክሩልኝ። ካስቸገርኩዎ ይቅርታዎን።

ቀጮ

ኅዳር 14 ቀን

ቀጮ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ እግርህ የጻፍከው አንጀቴን በላው።

ስለ ወረቀቷ ግን አትጨቅጭቀኝ። እኔ አንብቤ ነው የፈረምኩት። በየሰኞው አንብቤያለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልነበረባትም፣ ከላይ የጨመሩት በኋላ ይሆናል። የምትላት ጠበቃ እሱን ትመርምር።

ምስክርነቱን ለሌላ ሰው ስጥ። ዳኛ ፊት ቆሜ አላውቅም። ደግሞም ማክሰኞ ጸሐፊው በሩ ድረስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ስለ ጤናዬ ያልጠየቀ ሰው ወንበሩ ተመቸዎት ወይ አለኝ። ተመችቶኛል አልኩት። እንዲመችዎት ነው የምንፈልገው አለኝና ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ብዬ አልዋሽህም። ፈሪ ካልከኝ በል። በዚህ ዕድሜዬ ከወንበር ወርጄ የት እደርሳለሁ?

አለቃህ

ይህን የምጨምረው እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ፤ እሳቸው አያውቁም። የእርስዎን ደብዳቤ አንብቤላቸው ስጨርስ፣ መነጽሬን የት እንደጣልኩት እንጃ፣ እስቲ ያንን ግድግዳ ላይ ያለውን አንብቢልኝ አሉኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ መነጽር አድርገው አይቼ አላውቅም። የምስጋናው ወረቀት «ሠራተኞችን የሸክም አነሣስ ደንብ በማስተማር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ አንዳች አደጋ ስለመሩ» ይላል። ደግመሽ አንብቢው አሉኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ አወረዱትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው ሰቀሉት። ይኸው ሦስት ቀን ምግብ አቀርባለሁ፣ ሳይነካ መልሼ አነሣለሁ።

ታኅሣሥ 9 ቀን

አንተ ቀጮ፣

ጠበቃዋ ዛሬ በሩ ላይ መጥታ አገኘችኝ። አንተ የደበቅከውን ሁሉ ነገረችኝ። የድርጅቱ ሰው እህትህ ቤት ድረስ መጥቷል ለካ። ብቻህን አንሣ ብሎ ያዘዘህ ያ ሽማግሌ መሆኑን ፈርምልን፣ ነገሩ በእሱና በአንተ መካከል ይሁን፣ ለሕክምናህ እኩሌታውን እንሰጥሃለን ብሎሃል። አንተ ምን አልከው? ማን እንዳዘዘኝ ረስቼዋለሁ አልከው። ረስቼዋለሁ? ወገቡ የተቀነጠሰ ሰው ያዘዘውን ይረሳል? ማን ነው አንተን ለእኔ ጠበቃ አድርጎ የቀጠረህ? በአንድ እግርህ ልትሄድ ነው እንዴ ያሰብከው?

ደሜ ፈልቶ ነው ቤት የገባሁት። ልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪናሽን አቁሚ፣ ብዕር አንሺ አልኳት። አሁን የምለውን በትልልቁ ጻፊው ብያታለሁ።

ማንበብ አልችልም።

አንዲት ፊደል አላውቅም። ያች ሁላችሁ የምታደንቋት ፊርማዬ ሥዕል ናት፤ በወጣትነቴ ከአንድ ሱቅ በር ላይ አይቼ የለመድኳት። በቀለም የተነከረ አውራ ጣት ሳይ ስለሚቀፈኝ ነው የለመድኳት። ጠዋት ጠዋት የዕቃ ዝርዝር የሚያመጣውን ጸሐፊ፣ እዚህ ጨለማ ነው፣ አንተ አንብበውና እኔ ልያዘው እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ከሰማሁ አልረሳም። የሚያሳስበኝን ደግሞ ከደረት ኪሴ በማትለየው ጥቁር ደብተር በራሴ ምልክት እይዛለሁ። ክብ ስኳር ነው። አራት ማዕዘን ሲሚንቶ ነው። ሣጥን ከሆነ ማዕዘኑ ላይ ጥፍር አወጣለታለሁ። ስንት ሰው እንዳነሣው ከጎኑ በቋሚ መስመር አኖራለሁ፤ አንድ ሰው አንድ መስመር፣ ሁለት ሰው ሁለት። የተጎዳ ካለ መስመሩን አጎብጠዋለሁ፣ ሳምንቱን ቀላል ሥራ እንድሰጠው። በዚህ ነው አለቃ ሆኜ የኖርኩት። ሟች ባለቤቴ ብቻ ናት የምታውቀው። ሳይነቃብኝ ልሞት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አሁን ሐሙስ። ሣጥኑ ጎን ላይ ቀይ ጽሑፍ ነበረበት። ጸሐፊው ሰዓቱን እያየ ከኋላዬ ቆሟል፣ መኪናው ሞተሩን አላጠፋም። አንተ ወደ ሣጥኑ ዞር ብለህ፣ «አለቃ፣ ተጽፎበታል» አልከኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አንብቤዋለሁ፣ አንሣው» አልኩህ። ቆም ስትልብኝ ደግሞ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው ሴት የሆንከው» ብዬ ጨመርኩልህ። ይህን ስል ልብስ ሰፊዋ ብዕሯን አቁማ አየችኝ። ጻፊው አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ያን የመሰለ ሣጥን መጥቶ በሩ አጠገብ ወረደ። ቁጭ ብዬ ቀዩን ጽሑፍ እንደ ሥዕል ወደ ደብተሬ ቀዳሁትና አምጥቼ አሳየኋት። «ከሁለት ሰው በታች አይነሣ» ይላል አለችኝ።

ይኸው ነው። ጥር 15 ቀርቤ ይህንኑ እናገራለሁ። ወንበራቸውን ይውሰዱት።

አለቃ ነኝ ያልኩህ

ጥር 17 ቀን

ቀጮ፣

መቅረብስ ቀረብኩ። ያመጣሁት ግን ጉድ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰው ከኋላው፣ መሐል ላይ ሰብሳቢው። ነጭ ሸሚዜን ልብስ ሰፊዋ ተኩሳልኝ ነበር። ስሜን ከተናገርኩ በኋላ ሳይጠይቁኝ፣ ማንበብ አልችልም፣ የፈረምኩትን አላውቅም፣ ማንንም አስተምሬ አላውቅም አልኩ። ለአርባ ዓመት አፌ ውስጥ የያዝኩትን ድንጋይ የተፋሁ ያህል ነው የቀለለኝ።

ቅለቱ ብዙ አልቆየም። የድርጅቱ ጠበቃ ብድግ አለና ፊርማዬን ከፍ አድርጎ ለሦስቱም አሳያቸው። ይህን የመሰለ ፊርማ ያለው ሰው ነው መሃይም የሚባለው አለ። ጸሐፊው ደግሞ ተነሥቶ፣ በየጠዋቱ ዝርዝር ተቀብለው ያሠሩ ነበር፣ አንድ ቀን ጆንያ ተሳስተው አያውቁም ብሎ ማለ። እውነቱን ነው፣ ተሳስቼ አላውቅም። የገዛ ንጽሕናዬ ጠላቴ ሆነ።

ሰብሳቢው ወረቀት ሰጥቶ ያንብቡት አለኝ። አላውቅም አልኩ። የድርጅቱ ጠበቃ ሳቀና፣ አላውቅም ማለት ማንን ያቅተዋል አለ።

ከዚያ የእኛ ጠበቃ ጫኞቹን አስጠራች። ቆርቆሮ ገባ፣ ቀጥሎ ጎራዳው። ያኔ ልቤ ሞላ፤ አብረውኝ የኖሩ ልጆች ናቸውና። ቆርቆሮ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አለቃ ማንበብ አይችሉም ያለው ማን ነው? ከጸሐፊው ይበልጣሉ። ለእኛም ጋዜጣ ያነቡልን ነበር» አለ። ጋዜጣ። ጎራዳው ደግሞ የባሰ ነው፣ በውጭ ቋንቋም ያነባሉ አለ። ሁለቱም ሲወጡ በኩራት ዓይናቸውን ጠቀሱኝ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ጠበቃዋ ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች።

አሁን እነዚያ የድርጅቱ ሰዎች ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? አንተና እኔ ተስማምተን ድርጅቱን ልንዘርፍ ነው ይላሉ። ሰብሳቢው እስከ ጥር 30 ጊዜ ሰጠ። ማንበብ አለመቻልዎን ያስረዱ፣ ካልሆነ ወረቀቱ እንዳለ ይጸናል አለኝ። ከተመለስኩ ጀምሮ አስባለሁ። ሰው የሌለውን ነገር ከየት አምጥቶ ያሳያል? ዕድሜዬን ሙሉ እንዳይታወቅብኝ ስሠራ ኖርኩ፤ ሥራዬ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ቆርቆሮን በሩ ላይ አግኝቼ ልመታው ሰንሰለቱን አንሥቼ ነበር። ምን አስቦ እንደዋሸ አልገባኝም። አንተ ታውቅ ከሆነ ንገረኝ።

አለቃህ

ጥር 22 ቀን

አለቃዬ፣

ቆርቆሮን አይምቱት። የጠየቁኝን እመልሳለሁ፤ ስጨርስ ቢቀየሙኝ አይፈረድብዎትም።

እናውቅ ነበር። ሁላችንም። እኔ ገና የተቀጠርኩ ሳምንት ነው የነገሩኝ። ጎራዳው ወደ ጥግ ወስዶኝ፣ አለቃ ዓይናቸው ፊደል ላይ አያርፍም፣ አንተ የምታነበውን ጮክ ብለህ አንብብ፣ ግን ለእሳቸው እንደሆነ እንዳያስታውቅብህ አለኝ። መኪና ሲራገፍ «ስኳር መጣች፣ ስኳር» እያልን የምንዘፍነው ለምን ይመስልዎታል? «ይቺ ወደ ላይ ትዙር ትላለች፣ እንደ እኔ ሚስት» እያለ ቆርቆሮ የሚቀልደውስ? ጆንያው ላይ ያለውን እየነገረዎት ነበር። ዘፈኑ ከእኔ በፊት የነበረ ነው፤ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው። የሸክም አነሣስ አልተማርንም፤ ይህንን ግን ተምረናል።

ስለዚህ ቆርቆሮና ጎራዳው ቦርዱ ፊት የተናገሩት ለእርስዎ ክብር ብለው ነው። አለቃችንን ሰው ፊት አናዋርድም አሉ። እኔን እንደገደሉኝ አልገባቸውም።

አሁን የእኔን ልንገርዎ። ሐሙስ ለት ያንን ቀይ ጽሑፍ ለራሴ አንብቤዋለሁ። ከሁለት ሰው በታች አይነሣ። ጮክ ብዬ ላነብልዎ አፌን ከፍቼ ነበር። ጸሐፊው ከኋላዎ ቆሟል። ዘፈን የሚዘፈንበት ሰዓት አልነበረም፤ ባነበው ጸሐፊው ያውቅብዎታል። ጡረታዎ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ተጽፎበታል ብቻ አልኩ። እርስዎ አንብቤዋለሁ ሲሉ የቀረውን ዋጥኩና ጎንበስ አልኩ። ስለዚህ ነው ማን እንዳዘዘኝ ረሳሁ ያልኩት። ያን ሐሙስ ያጠፉት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ማስረጃ ያሉትን አስቤበታለሁ። ጥቁሯን ደብተር ይውሰዱ። መጻፍ የሚችል ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክብና አራት ማዕዘን ሲሥል አይኖርም። ግን እለምንዎታለሁ፣ የሐሙሷን ገጽ ገንጥለው ያውጡ። እሷን ካዩ ሣጥኑን በአንድ ሰው ያስነሡት እርስዎ እንደሆኑ በገዛ እጅዎ መስክረዋል። ወንበሩ ብቻ አይደለም፣ ጡረታዎንም ሊነኩብዎት ይችላሉ። አንድ ገጽ ብትጎድል ማንም አይቆጥርም።

ቀጮ

የካቲት 3 ቀን

ቀጮ፣

ደብዳቤህን ልብስ ሰፊዋ ስታነብልኝ ስኳር መጣች የሚለው ላይ ስትደርስ አቁሚ አልኳት። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘፈኑ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራ የሚወዱ ልጆች አሉኝ እል ነበር። ሌላውን አልናገርም። ቆርቆሮን ጠርቼ ራት አብልቼዋለሁ፣ እሱን እወቅልኝ።

ጥር 30 ደብተሮቹን ተሸክሜ ገባሁ። አሥራ አንድ ናቸው፣ ያለቁትን በአሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። የድርጅቱ ጠበቃ ይህ ትናንት የተሣለ ነው አለ። የእኛዋ ደግሞ፣ እንግዲያው የድርጅቱ መዝገብ ይምጣና ይተያይ አለች። ሰብሳቢው ተስማማ። መዝገቡን ይዞ የቀረበው ጸሐፊው ነው።

ሰብሳቢው ከመሐል አንዱን ደብተር መዝዞ ገለጠና በጣቱ አመለከተኝ። የዓመቱ መግቢያ ላይ ፀሐይ፣ የወሩ መግቢያ ላይ ጨረቃ አደርጋለሁና ቀኑን ቆጥሬ ነገርኩት። ከዚያ አነበብኩ። አዎ፣ ነው ያልኩህ። በሰው ፊት ቆሜ አነበብኩ። ስኳር ሁለት መኪና፣ ሲሚንቶ አንድ፣ አንድ ሲሚንቶ ረጥቦ ተመለሰ። ጸሐፊው ከመዝገቡ ፈልጎ፣ ስኳር ሁለት መኪና፣ ሲሚንቶ አንድ፣ አንድ ረጥቦ ተመላሽ አለ። ሌላ ገጽ ገለጡ። እኔ ከደብተሬ፣ እሱ ከመዝገቡ፣ እንደ ዘፈን ተቀባበልን። ድምፁ እየቀነሰ፣ የእኔ እየጨመረ ሄደ። ከሦስቱ አንደኛዋ ሴት፣ ይህ የጎበጠው መስመር ምንድን ነው አለችኝ። የተጎዳ ሰው ነው አልኳት። ከመጨረሻዋ በቀር ሁሉንም ደብተር ይዛ መቁጠር ጀመረች። አርባ አንድ ሆነ። የምስጋናውን ወረቀት ከመስታወቱ አውጥቼ ይዤ ነበርና ያለ አንዳች አደጋ የሚለውን ራሷ ጮክ ብላ አነበበችው። ማንም አልሳቀም።

ያኔ ሊበቃ ይችል ነበር። መጨረሻዋን ደብተር ማንም አልነካትም፤ ጠበቃዋም ዝም እንድል በዓይኗ ነገረችኝ። የሐሙሷ ገጽ እዚያው ነበረች። አልገነጠልኳትም ቀጮ። አርባ አንዱን ሰው አሳይቼ አንተን ልደብቅህ?

ራሴ ገለጥኳትና አነበብኩ። «ሐሙስ። ባለ ጥፍር ሣጥን፣ አንድ። መስመር አንድ። መስመሯ ጎብጣለች። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ የተጻፈበትን ሳላውቅ አንብቤዋለሁ ብዬ ነው ያዘዝኩት» አልኩ። ሰብሳቢው፣ የመጨረሻው እዚህ ላይ ተሥሏል ወይ አለኝ። የለም፣ እሱን የምጨምረው አሁን ነው አልኩት።

ውሳኔውን ጠበቃዋ በዝርዝር ትጽፍልሃለች። ወረቀቷ ወድቃለች። ጉዳትህ የሥራ ጉዳት ነው ተብሏል፤ ቀዶ ጥገናውን በሙሉ፣ የአካል ጉዳት ካሳውንም ድርጅቱ ይክፈል ተብሏል። ይግባኝ ቢል እንኳ ሕክምናው እንዳይቆም ብለው አዝዘዋል። እንግዲህ መጋቢት ሳይገባ ሐኪምህ ፊት ቅረብ። የወንድ ወጉ መቆም ነው ብለህ ቶሎ ብድግ እንዳትል፣ እኔ ነኝ ይህን ወግ ያስተማርኩህ፣ አሁን አንሥቼዋለሁ።

እኔም ድርሻ እንዳለብኝ ጽፈውብኛል። ሰብሳቢው የሚሉት አለዎት ወይ ሲለኝ፣ አለብኝ አልኩ፣ ሌላ የምለው የለኝም። ጡረታዬን እናየዋለን ብለዋል፤ ይዩት። በማግስቱ በሩ ስደርስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ከሥሩ የእኔ ትራስ ነበረች፣ እሷን ተቀብዬው መጣሁ። የምስጋናውን ወረቀት መልስ ብለው ሰው ልከውብኛል፤ ወረቀቱን ሰጠሁት፣ መስታወቱን ግን አልሰጠሁም። የባለቤቴን ፎቶ አስገብቼበታለሁ።

ጽሑፉን ስለ ዋጥክልኝ፣ አመሰግናለሁ ብልህ በእግርህ መቀለድ ይሆንብኛል። ለምን ዋጥከው ብዬ እንዳልቆጣህ ደግሞ አፍ የለኝም። ልብስ ሰፊዋ፣ ይቅርታ የሚል ቃል አለ፣ ልጻፈው ወይ አለችኝ። ጻፊው ብያታለሁ፤ ይኸው ተጽፏል። ለእኔ ግን ያንስብኛል።

ስለዚህ ብዕሩን ተቀብያታለሁ። ከዚህ በታች ያለውን እሷ አልጻፈችውም፣ እኔ ነኝ ያሠመርኩት። ጣቴ አልደነዘዘም፣ ደንዝዞም አያውቅም። በሐሙሷ ገጽ ላይ ይህን ነበር ማኖር የሚገባኝ። ምን እንደሚል ለአንተ ማንም ሊያነብልህ አይገባም።

| |